በከበሮ ሁለተኛ

ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ሰዎች ይህን ሲያውቁ ፊታቸውን ከበድ አድርገው «የጦርነት ነው?» ይሉኛል። ዕድሜዬንና አገሬን ደምረው የደረሱበት ግምት ነው። የጦር ቁስለኛ መባል የሚያስከብር ነገር ስላለው ለረጅም ጊዜ አላረምኳቸውም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጆሮዬን ያጣሁት ቶሮንቶ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የማርሽ ባንድ ውድድር ላይ፣ በእንጨት ጠመንጃ ተመትቼ ነው። የመታኝም ያገሬ ሰው ነው። የእውነት ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ድንበር ላይ ተኩሰው ስተውኛል፤ የእንጨቱ ግን አልሳተኝም።

ይህን ታሪክ በቃል ስናገር አብዛኛው ሰው የሚፈርደው በመቺው ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ ነው። እናንተም ትፈርዱብኝ ይሆናል። መብታችሁ ነው። እኔም ፈርጄ ስለማውቅ አልቀየማችሁም።

በፈረንጅ አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነበር። ቶርንክሊፍ ፓርክ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ በር ላይ፣ የመስታወት ዳስ ውስጥ ተቀምጬ መጽሐፍ እያነበብኩ መኪና አስገባለሁ፣ አስወጣለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከበሮ መቺ ነበርኩ። ገና ጎረምሳ ሳለሁ ወደ ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገብቼ፣ ስኔር የሚሉትን ትንሹን የማርሽ ከበሮ ተምሬአለሁ።

እዚያ ከበሮ የሚማሩት በጆሮ ብቻ አልነበረም። የተሳሳተ ተማሪ እጆቹን ከበሮው ቆዳ ላይ ያሳርፋል። አሠልጣኙ የተማሪውን የራሱን መምቻ ይቀበልና የጣቶቹን አንጓዎች እየቆጠረ ይመታል። አመታቱ በማርሹ ፍጥነት ነው፤ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ቅጣቱ ራሱ ትምህርት ነው ይሉን ነበር። እያመማችሁ «ለጥቅማችሁ ነው» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ ነገሩን ማብራራት አያስፈልገኝም። የግራ እጄ ሁለት አንጓዎች እስከ ዛሬ ቀና አይሉም።

ቶሮንቶ የማርሽ ባንድ ከተማ አይደለችም። አሜሪካኖቹ ለዚህ ነገር ስታዲየም ይሞላሉ። እዚህ ግን ጥቂት ትምህርት ቤቶች ብርድ ሳይበረታ ተሰብስበው ይወዳደራሉ፤ ተመልካቹም ከወላጅ አያልፍም። ዳኛም እንደ ልብ አይገኝም። እኔን ያገኙኝ ሚስተር ሃርዲ የሚባሉ ጡረተኛ የሙዚቃ መምህር ናቸው። እኔ ዘንድ መኪና ያቆሙ ነበር። አንድ ቀን በሁለት እርሳስ ጠረጴዛዬን ስደበድብ ሰሙኝና መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ «ይህን የት ተማርክ?» አሉኝ። በሚቀጥለው ውድድር የከበሮ ዳኛ ሆንኩ።

አዘጋጆቹ ሌላው ዓለም የተወውን አሮጌ አቆጣጠር ይወዱ ነበር። ዳኛው ካርድና እርሳስ ይዞ፣ ሜዳው ውስጥ ከሚሰለፉት ልጆች መሀል እየተራመደ ያዳምጣል። ስህተት በሰማ ቁጥር አንድ ጭረት ይጭራል። እያንዳንዷ ጭረት የነጥብ አንድ አሥረኛ ትቀንሳለች። ለከበሮ፣ ለነፋስ መሣሪያና ለሰልፉ ለየብቻ ደረጃ ይሰጣል፤ ከዚያ ሁሉም ተደምሮ ጠቅላላ አሸናፊው ይታወቃል። ሙዚቃን በአሥረኛ መቀነስ እብደት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ወደድኩት። ካደግሁበት አገር ዳኝነት ጋር ሳስተያየው ትልቅ ብልጫ ነበረው፤ ጭረት ዘመድ የለውም።

ቢያንስ እስከዚያ ዓርብ ድረስ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ከሥራ እንደተመለስኩ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ጋሽ ታደሰ ቆመዋል። በሕንፃችን ውስጥ ከእኔ በታች የሚኖሩ፣ ከቤተ ክርስቲያኑም ከዕድሩም ፊት የማይታጡ ሰው ናቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል። ከኋላቸው የማላውቃቸው ሌላ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። አበሻ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ሁለት ሆኖ፣ ሳይደውል ከመጣ ወይ ሰው ሞቷል ወይ ልጃገረድ ተፈልጋለች። እኔ ቤት ልጃገረድ የለችም።

«ማን ሞተ?» አልኩ።

«ኧረ በስመ አብ በል! ማንም አልሞተ። በሽምግልና ነው የመጣን።»

«ማንን ልታስታርቁ? እኔ ከማንም አልተጣላሁም።»

«ሳትጣላ ብንደርስስ? ቁጭ እንበልና።»

ሻይ አቀረብኩ። ሁለተኛው ሽማግሌ ብርጭቋቸውን ተቀብለው ዝም አሉ። እስኪሄዱም ቃል አልተነፈሱም። ቁጥር ለመሙላት እንደመጡ ገባኝ።

«ነገ ለልጆቹ ማርሽ ዳኛው አንተ ነህ አሉ» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«የከበሮው ብቻ። ማን ነገራችሁ?»

«ቶርንክሊፍ ውስጥ ምን ይደበቃል? የባሻ ዘለቀ ልጅ፣ ሰብለ፣ ከበሮ መቺ ናት። ነገ ትመታለች።»

ባሻ ዘለቀን በዓይን አውቃቸዋለሁ። በአንድ ክፍለ ጦር የማርሽ ባንድ መሪ የነበሩ፣ አሁን ዌስተን አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ በሺፍት የሚሠሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲቆሙ እንደ ባንዲራ እንጨት ቀጥ የሚሉ ሰው ናቸው። ልጃቸውን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከበሮ ራሳቸው እንዳስተማሯት ሰምቻለሁ።

«እና?»

«እናማ እጅህ እንዳይከብድባት ነው። ትንሽ ኢዚ ብትልላት።»

«ባሻ ናቸው የላኳችሁ?»

«እሱ ቢያውቅማ እኛንም አይምረንም! እናትየዋ ናት። አልማዝ አልቅሳ ነው የላከችን። ልጅቷ በከበሮ ካነሰች... መቼም ታውቀዋለህ፣ እጁ ፈጣን ነው።»

«ይመቷታል?»

ጋሽ ታደሰ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አዟዟሩት። «አባት አይደለም እንዴ? ይቀጣል። ወታደር ነው። ያለፈው ሳምንት ግን ትንሽ በዛ። ትምህርት ቤት የሄደችው በር ጣቴ ላይ ተዘጋብኝ ብላ ነው።»

«ጋሽ ታደሰ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሽማግሌ መላክ የነበረበት ወደ ባሻ ነው። እኔ ጋ ምን አመጣችሁ?»

«እሱ መች ሰው ይሰማል!»

«እኔ ስለምሰማ ነዋ የመጣችሁት።»

«አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ሁልጊዜ መጽሐፍ በእጅህ ነው። ምን ትጎዳለህ? አንዲት ጭረት ናት አሉ። ለፈረንጅ ጨዋታ ብለህ ያገርህን ልጅ ታስመታለህ?»

«እኔ አይደለሁ የምመታት። ደግሞ ነገ ብተውላት በሚቀጥለው ጊዜስ? ፈረንጅ ዳኛ ሲመጣስ? ለእሱም ሽማግሌ ትልካላችሁ?»

«የሚቀጥለው ለሚቀጥለው። እስቲ ይቺን እንለፍ።»

እዚህ ላይ ላቁምና አንድ ነገር ልበል። ሽምግልናን የሚንቅ ሰው አይደለሁም። ደም የተቃቡ ሰዎች ሽማግሌ አስታርቋቸው አብረው ሲበሉ አይቻለሁ። ነገር ግን እዚያ ሶፋዬ ላይ የተቀመጠው ጥበብ ተገልብጦ ነበር። መቺው ይታወቃል፣ ተመቺዋ ትታወቃለች። ሽማግሌ የተላከው ግን ወደ መቺው ሳይሆን ወደ ቆጣሪው ነው። ምክንያቱም ቆጣሪው አይማታም። እኛ ሁልጊዜ የምንለምነው የማይመታንን ሰው ነው።

«የሰማሁትን እቆጥራለሁ፤ ያልሰማሁትን አልቆጥርም» አልኳቸው።

ጋሽ ታደሰ ተነሱ። «ልብህ ደንጊያ ነው» አሉኝ። ሁለተኛው ሽማግሌ ሻያቸውን ጨርሰው፣ ብርጭቆውን ወጥ ቤት ወስደው አስቀምጠው ተከተሏቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ እንደደረስኩ ለሚስተር ሃርዲ ነገርኳቸው። የልጅቷ ዘመዶች አነጋግረውኛል፣ እሺ አላልኩም አልኳቸው። ሳቁ።

«ዳኛ የማያነጋግር ወላጅ አላየሁም። እሺ ካላልክ በቃ፤ ሥራህን ሥራ።»

«አባቷ ይመታታል ነው የሚሉት።»

ሳቃቸው ቆመ። «በዓይንህ አየህ?»

«አላየሁም። ሰማሁ።»

«እንግዲያው ዛሬ የእኛ ሥራ ከነጩ መስመር ውስጥ ነው። ሰኞ ትምህርት ቤቱ ጋ እደውላለሁ።»

ሚስተር ሃርዲ ደግ ሰው ናቸው። ደግ ሰዎች ሁሉ ሰኞ አላቸው።

ፀሐይ ነበር፣ ነፋሱ ግን ይቆርጣል። የሰብለ ትምህርት ቤት ባንድ ወይን ጠጅ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ባለ ላባ ቆብ ደፍቶ ገባ። ከፊት ባንዲራ የሚያውለበልቡና ከእንጨት የተሠራ ነጭ ጠመንጃ እየወረወሩ የሚቀልቡ ልጃገረዶች አሉ። ከኋላ የነፋስ መሣሪያዎቹ፣ ከመሀል ከበሮዎቹ። የስኔሩን ረድፍ የምትመራው አጭር ቀጭን ጠይም ልጅ ናት፤ ከበሮው ከእሷ ይገዝፋል። ሰብለን ማንም አላሳየኝም፣ ግን አወቅኋት። አቋቋሟ የባሻ ነው።

ካርዴን ይዤ ከረድፉ ፊት ለፊት ወደ ኋላዬ መራመድ ጀመርኩ። ክንዴን ብዘረጋ ከበሮዋን እነካለሁ። ያኔ እጇን አየሁ።

ከበሮ መቺዎች ጣታቸውን በነጭ ፕላስተር መጠቅለል ልማዳቸው ነው፤ ስለዚህ ማንም ልብ አላለውም። እኔ ግን የማየው ፕላስተሩን ሳይሆን ከጠርዙ አልፎ የወጣውን እብጠት ነው። የግራ እጇ አንጓዎች ቆዳ ቢጫና ሐምራዊ ሆኗል። በር ጣት ላይ ሲዘጋ አንዱን ወይ ሁለቱን ይቀጠቅጣል፤ በሰልፍ፣ በእኩል ርቀት፣ አራቱንም አንጓ በየተራ አይመታም። ያንን የሚያደርግ አንድ ነገር ብቻ አውቃለሁ። ጎረምሳ ሳለሁ የራሴን እጅ ውኃ ውስጥ ነክሬ ስመለከተው ያደርኩት ምልክት ነበር።

ዓይኗን ከአድማስ አልነቀለችም። ከንፈሯ ግን ይቆጥራል።

ሌላው ባንድ ጸጥ ብሎ ስኔሮቹ ብቻቸውን የሚመቱበት ቦታ ደረሰ። እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይፈጥን ጀመር፤ ቀኝ ግራ፣ ቀኝ ግራ፣ ሁሉም እንደ አንድ ሰው። እውነት እላችኋለሁ፣ በሕይወቴ ከሰማኋቸው ሁሉ ጥሩው ነበር። ሊያልቅ ሲል የሰብለ ግራ እጅ ዘገየ። የዓይን ጥቅሻ ያህል። የተመልካች መቀመጫ ላይ ያለ ወላጅ አይሰማውም። ሚስተር ሃርዲም ላይሰሙት ይችላሉ። እኔ ሰማሁት። እርሳሴ ገና ሳላስብ ጭሮ ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ወደ እኔ አወረደች። ካርዱን ሳይሆን ፊቴን አየችኝ። ሰልፉ ወሰዳት።

ከሰዓት በኋላ ባንዶቹ ሁሉ ተሰልፈው ውጤት ተነበበ። መጀመሪያ የነፋስ መሣሪያ፣ ቀጥሎ ከበሮ። በከበሮ የሰብለ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ሆነ፤ ከአንደኛው የሚለየው አንድ አሥረኛ ነጥብ ብቻ ነበር። ወላጆቹ መሀል ባሻ ዘለቀ ከተቀመጡበት ሲነሱ አየሁ። ከዚያ ሰልፉ ተነበበ። በመጨረሻም ጠቅላላ አሸናፊው፤ የሰብለ ትምህርት ቤት፣ አንደኛ!

ይህንን ልብ በሉልኝ፤ አሸንፈዋል። ልጆቹ ቆባቸውን ወደ ሰማይ ወረወሩ፣ ተቃቀፉ፣ መለከት ነፉ። ባሻ ዘለቀ ግን አላጨበጨቡም። ደረጃውን ቀጥ ብለው እየወረዱ ነበር።

ካርዶቼን ለሚስተር ሃርዲ አስረክቤ ወደ መኪና ማቆሚያው ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ በትክክል አላውቅም። ልጆቹ አውቶቡሱ ፊት ይዘፍናሉ። ከአውቶቡሱ ኋላ መሣሪያ የሚጭነው የጭነት መኪና ቆሟል። ዘፈኑ ውስጥ የማይገባ ድምፅ ከዚያ በኩል መጣ። እንጨት አጥንት ሲመታ ነው። አንድ ጊዜ የሰማው ሰው ከሌላ ድምፅ ጋር አያምታታውም።

የጭነት መኪናው የኋላ በር ወርዶ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። የሰብለ ሁለት እጆች እዚያ ላይ አርፈዋል። ባሻ የራሷን መምቻ ይዘው፣ «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» እያሉ ይመታሉ። በማርሹ ፍጥነት ነው። አይፈጥንም፣ አይዘገይም። ፕላስተሩ ቀይ ሆኗል። ልጅቷ አታለቅስም። ከንፈሯ አብሮ ይቆጥራል።

«በሕግ አምላክ!» ብዬ ጮኽኩ።

ቃሉን ለዓመታት አፌ ላይ አላነሳሁትም ነበር፤ ከየት እንደመጣ እንጃ። የባሻ እጅ አየር ላይ ቀረ። አገራችን ውስጥ ይህ ቃል የተነሳ ዱላ ያቆማል። ቶሮንቶ ውስጥም፣ ትምህርት ቤት ግቢ፣ የአንድ አሮጌ ወታደር ክንድ አቆመ። ለአንድ ትንፋሽ ያህል የዓለም ትልቁ ዳኛ እኔ ነበርኩ።

ዞር አሉ። «ማነህ?»

«የከበሮው ዳኛ ነኝ። ባሻ፣ ይተዉ። ልጅ ናት።»

«አንተ ነህ የጫርከው?»

«እኔ ነኝ።»

«ስህተቱን በጆሮህ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ። ግራ እጇ ዘግይቷል። የዘገየው ግን—»

እንድጨርስ አልጠበቁም። ፊታቸው በራ። ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ሰማሽ? አየሽ? ዳኛውም መሰከረ!» አሉና መምቻውን ከበፊቱ አብልጠው አወረዱት። አንድ ነገር ሲሰበር ሰማሁ።

ክንዳቸውን ያዝኩ። ብርቱ ነበሩ። መምቻውን አዙረው አፌን መቱኝ፤ ጥርሴ ምላሴ ላይ ተንከባለለ። ደረታቸውን ገፋሁ፤ የጭነት መኪናው ብረት ላይ ተጋጨን። ጉልበታቸውን ሆዴ ላይ አሳረፉት፤ ተንበረከክሁ። ቀና ስል የጭነት መኪናው ውስጥ ከተከመሩት ነጫጭ የእንጨት ጠመንጃዎች አንዱን በአፈሙዙ ይዘዋል።

«አባዬ፣ ስቶፕ! ፕሊስ ስቶፕ!» አለች ሰብለ።

«የማን ሕግ?» አሉኝ ከላዬ ቆመው። «የየትኛው አገር ሕግ ነው በእኔና በልጄ መሀል የሚገባው?»

ሰደፉ ግራ ጆሮዬ ላይ አረፈ። ሕመም አልነበረም፤ መብረቅ ነበር። ከዚያ በዚያ በኩል ያለው ዓለም ጸጥ አለ። የልጆቹ ዘፈን በቀኝ በኩል ብቻ ቀረ። ደሙ በአንገቴ ወደ ሸሚዜ ሲወርድ ሙቀቱ ይሰማኛል። ሰደፉ ሁለተኛ ተነሳ። ያ ቢወርድ ኖሮ ይህን የምታነቡት አይመስለኝም።

ሰብለ የወደቀ መምቻ አንስታ መታቻቸው። ጭንቅላታቸውን አይደለም፤ ጠመንጃውን የጨበጠውን እጅ፣ አንጓዎቹ ላይ። በግራ እጇ ነበር፤ በዚያ በተቀጠቀጠው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሙሉ ክንዷ። ጠመንጃው አስፋልቱ ላይ ወደቀ።

ባሻ እጃቸውን በሌላው እጃቸው ታቅፈው ልጃቸውን ተመለከቷት። የሚገድሏት መስሎኝ ነበር። ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሎ፣ አሠልጣኝ ለተማሪው እንደሚናገረው ሆነ።

«አየሽ?» አሏት። «ስትፈልጊ ትችያለሽ። አሁን አልዘገየም።»

ጆሮዬን ብረሳ እንኳ ይህን አባባል አልረሳውም። ክፋት አልነበረበትም። ኩራት ነበር። ሰውየው ልጃቸውን ይወዷት ነበር፤ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

የአውቶቡሱ ሹፌር ደረሰ፣ ወላጆች ደረሱ፣ ፖሊስ ተጠራ። ባሻ ሳይከራከሩ፣ ሳይታገሉ እጃቸውን ለካቴና ሰጡ። ሰብለ በአንድ አምቡላንስ፣ እኔ በሌላው ሄድን።

በማግሥቱ ጋሽ ታደሰ ሆስፒታል መጡ። ያው ሙሉ ልብስ፣ ያው ዝምተኛ ሽማግሌ ከኋላ። በደህናው ጆሮዬ በኩል እንዲቀመጡ ነገርኳቸው።

«እግዜር ይማርህ» አሉ። «እንግዲህ ሆነ። ፖሊሱ ነገ ስቴትመንት ሊወስድ ይመጣል አሉ። አንተ ወደቅሁ ካልክ ነገሩ ይበርዳል። ልጅቷንም እናቷ አነጋግራታለች፤ ከበሮው ወድቆብኝ ነው ትላለች። ከዚያ ቤቷ ትመለሳለች፣ ቤተሰብ አይበተንም። ባሻም ካሣ ይክሳል፣ እግርህ ላይ ይወድቃል። እኔ ራሴ ደንጊያ አሸክሜ አመጣዋለሁ።»

«እኔ እውነቱን ብናገርስ?»

«ልጅቷን መንግሥት ይወስዳታል። አባቷን ያስሩታል። ያገርህን ሰው በፈረንጅ እጅ አሳስረህ እንዴት ትኖራለህ?»

ጥያቄያቸው ቀልድ አልነበረም። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ስልክ ጥሪ ሲበተን አይተናል፤ ፍርሃታቸው ከሜዳ የተነሳ አይደለም። ራሴ ውስጥ አንድ የማያቆም ደወል ይጮህ ነበር።

«ጋሽ ታደሰ» አልኩ፣ «ጆሮዬ የእኔ ነው። ይቅር ብያለሁ፤ ካሣም አልፈልግ፣ ደንጊያም አይሸከሙ። የልጅቷ ጣት ግን የእኔ አይደለም። የሰው ጣት ይቅር የማለት ሥልጣን የለኝም።»

ጋሽ ታደሰ ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። ያን ጊዜ ዝምተኛው ሽማግሌ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

«ልክ ነው» አሉ። ባርኔጣቸውን አደረጉና ብቻቸውን ወጡ።

ለፖሊሱ ያየሁትን ነገርኩት። ስለ ራሴ በአጭሩ፣ ስለ ልጅቷ በዝርዝር። ሰብለም ስትጠየቅ ከበሮ ወደቀብኝ አላለችም። ባሻ ተፈረደባቸው፤ ታስረው ወጡ፣ ከልጃቸውም እንዲርቁ ታዘዙ። ሰብለ ክሬሰንት ታውን ከምትኖር አክስቷ ጋር ተቀመጠች። እኔ «አሳሳሪው» የሚል ስም ወጣልኝ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሰው ቦታ ይለቅልኛል፣ በአክብሮት ግን አይደለም። ጋሽ ታደሰ ሊፍት ውስጥ ሲያገኙኝ የፎቁን ቁጥር ያነባሉ። በጣም የሚገርመኝ፣ የሚወራብኝ ስለ ምስክርነቱ ብቻ አለመሆኑ ነው። ወሬው ሁሉ ወደ ጭረቱ ይመለስ ነበር። «ሆን ብሎ ጫረባት፤ በባሻ ቀንቶ ነው፤ ያቺን አንዲት ጭረት ቢተው ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ ከእናንተ ጋር ልከራከር። ብተወው ኖሮ ያ ቀን ያልፍ ነበር? ሊያልፍ ይችላል። ግን ያ ባንድ አንደኛ ወጥቶ ነበር! ድል ያላዳነውን እጅ ሐሰት ያድነዋል ብዬ እንዳምን ትፈልጋላችሁ። መምቻውን ያነሳው ደረጃው አይደለም። እጇ ከውድድሩ በፊት ተቀጥቅጧል፤ የዘገየውም ስለተቀጠቀጠ ነው። ጭረቱ ያደረገው ነገር ቢኖር የዱላው ድምፅ ከቤት ወጥቶ ሜዳ ላይ እንዲሰማ ነው። ከዚያ በፊት ሁላችንም ሰምተን፣ በር ነው ብለን ነበር።

እኔን ምን ለወጠኝ? በአንድ ጆሮ የከበሮ ዳኛ መሆን አይቻልም፤ ድምፁ ከየትኛው እጅ እንደመጣ አይለይም። ስለዚህ መጻፍ ጀመርኩ። ለጽሑፍ የሰው ወሬ ግማሹን አለመስማት እንዲያውም ይጠቅማል። ከዚያ ቀን ወዲህ ደግሞ፣ ሰዎች ስለ ሰላም ብለው አንድ ነገር እንድተው ሲለምኑኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው «መቺውን ለምናችሁታል ወይ?» ብዬ ነው። ብዙ ወዳጅ አላተረፈልኝም።

በሚቀጥለው የጸደይ ወቅት፣ ዳሴ ውስጥ ተቀምጬ ሳነብ አንዲት ልጅ በእግሯ መጥታ መስኮቱ ላይ ቆመች። ያለ ቆብና ያለ ላባ አላወቅኋትም ነበር።

«ሰብለ ነኝ» አለች። «ቢዚ ነዎት? አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። ሶሪ፣ አማርኛዬ...»

«አማርኛሽ ደህና ነው። አንተ በይኝ። እጅሽ እንዴት ነው?»

ግራ እጇን አነሳችልኝ። ለመጨበጥ ስትሞክር ሁለት ጣቶቿ በከፊል ብቻ ታጠፉ። «ቀኙ ፋይን ነው። በዚህ ግን ስኔር አልችልም። ሁሉም ሰው፣ እማዬም፣ ቸርች ያሉትም፣ ሆን ብሎ ነው የጫረብሽ ይሉኛል። ዩ ኖው፣ እጅሽ አልዘገየም፣ ፐርፌክት ነበርሽ ይሉኛል። እውነቱን ንገረኝ። ዘግይቶ ነበር?»

ጣቶቿን አየሁ። ከኋላዋ መኪናዎች ተሰልፈው ጥሩምባ ይነፋሉ። ለአፍታ ያህል እኔው ራሴ ሽማግሌ ሆኜ ራሴን ለመንኩት፤ ምን ትጎዳለህ፣ አንዲት ጭረት ናት።

«ዘግይቶ ነበር» አልኳት።

ትከሻዋ ወረደ። ከበሮ ከላይዋ ያወረዱላት ይመስል ነበር።

«አይ ኖው» አለች። «እኔም ሰምቼዋለሁ። ሁሉም አልዘገየም ሲሉኝ ጆሮዬ የተበላሸ መስሎኝ ነበር።»

ጥሩምባው በረታ። በደህናው እጇ መስኮቴን ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጋ ሄደች። እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን የሚያነጋግሩኝ ሰዎች ሁሉ ጭረቱን እንድሰርዘው ይፈልጋሉ። ሳትፈልግ የቀረችው እሷ ብቻ ናት።